የእህል ክምር ሲቃጠል የሚቀርበው ክስ፦ አንቀጽ 494 ነው ወይስ ንብረት ማበላሸት?

የሉማሜ ልጅ (ጥያቄ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ከኅዳር እስከ ጥር እህል ታጭዶ ውድማ እስኪገባ ድረስ በጎጃም ገጠር የክምር ቃጠሎ ይበዛል። የሚነደው እህሉ ብቻ አይደለም፣ ጉርብትናውም አብሮ ይነዳል። በማግስቱ መጀመሪያ የሚነሳው ስም በድንበር ወይም በግጦሽ የተጣላው ሰው ስም ነው። ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ ክስ። ሕጉ ግን ምን እንደሚል በትክክል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። የአንድ ገበሬ የሦስት ቃዳ መሬት ጤፍ ክምር በታኅሣሥ ሌሊት ተቃጠለ። ክምሩ ከመኖሪያ ቤቱ 30 ሜትር ያህል ይርቃል፣ ቤቱ የሳር ክዳን ነው፣ በረቱም አጠገቡ ነው። ከሳምንት በፊት ጎረቤቱ ገበያ ላይ «ይህን እህል አትበላትም» ብሎታል። አንድ ምስክር «ሌሊት ሰው ሲሮጥ አይቻለሁ፣ እሱ ነው» ይላል። ሌላ ማስረጃ የለም።

ክሱ በየትኛው አንቀጽ ይሆናል? ዛቻውና ቂሙ ለጥፋተኝነት ይበቃሉ? ዋስትናስ? ሽማግሌ ገብቶ ቢታረቁ ክሱ ይቀራል? ኪሳራውን ማን፣ በምን መንገድ ይከፍላል? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልን፣ ለቀበሌ ሰው ለማስረዳትም ይጠቅማል።

ዝክረ ሕግ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ከአንቀጹ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቃጠሎን በአንቀጽ 494 ለብቻው አስቀምጦታል። ድንጋጌው የሚያየው የጠፋውን ንብረት ዋጋ ብቻ አይደለም። እሳት አንዴ ከተለኮሰ ከለኳሹ እጅ ያመልጣል፣ የማን ቤት ላይ እንደሚቆም አይታወቅም። ሕጉ የሚቀጣው ይህን የጅምላ አደጋ ነው። ስለዚህም ሰው የገዛ ንብረቱን ቢያቃጥል እንኳ፣ በተንኮል ወይም በሰው ወይም በንብረት ላይ የጅምላ ጉዳት እንዲመጣ አስቦ ከሆነ፣ በዚሁ አንቀጽ ይጠየቃል። «የራሴ ነው፣ ማን ያገባዋል» የሚለው መከላከያ እዚህ አይሠራም። ቤትና ማንኛውም ግንባታ፣ ሰብልና የእርሻ ምርት፣ ደን፣ እንጨት፣ ሌላም ነገር ሁሉ በመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ከባዱ ነው። አደጋው ሰው ወደሚኖርበት ቤት፣ ወደ ሕዝብ አገልግሎት ሕንፃ፣ ወደ ዕቃ ወይም እህል ማከማቻ፣ ወደ ብዙ ከብት፣ ወደ ሰፊ ወይም በመንግሥት ወደሚጠበቅ ደን፣ ወደ ታሪካዊ ሕንፃ፣ ወደ ፋብሪካ ሲደርስ ቅጣቱ ይከብዳል። በምሳሌህ ውስጥ ነገሩ የሚወሰነው በዚያች 30 ሜትር ላይ ነው። ዐቃቤ ሕግ «አደጋው ወደ መኖሪያ ቤቱ ይደርስ ነበር» ብሎ በከባዱ ንዑስ አንቀጽ ከከሰሰ ይህንኑ ማስረዳት አለበት። ርቀቱ በሜትር ተለክቶ በቦታው ንድፍ ላይ መግባት አለበት፤ በእርምጃ ወይም በግምት የተጻፈ ርቀት በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ ይፈርሳል። ነፋሱ በዚያ ሌሊት ወዴት ይነፍስ እንደነበር፣ በክምሩና በቤቱ መካከል ያለው መሬት የታረሰ ይሁን ደረቅ ቃርሚያ ያለበት፣ አጥሩ የእሾህ ይሁን የድንጋይ፣ በቤቱ ውስጥ ማን ተኝቶ እንደነበር በምስክር መገለጽ አለበት። ብዙ መዝገብ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፎ «ቃጠሎው ቤቱንም ያሰጋ ነበር» ተብሎ ይቀራል። ለተከሳሽ ጠበቃ ከዚህ የተሻለ በር የለም።

የክሱ አጻጻፍም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ (ከዚህ በታች ሌላ ሕግ ሳይጠራ «ቁጥር» ሲባል ይህ ሕግ ነው፣ «አንቀጽ» ሲባል የወንጀል ሕጉ) በቁጥር 111 እና 112 ክሱ ተከሳሹ ምን እንደተባለበት በትክክል እንዲያውቅ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ድርጊቱንና ሁኔታውን ይዞ እንዲጻፍ ያዛል። ንዑስ አንቀጹ ያልተለየበት፣ ወይም «በታኅሣሥ ወር ውስጥ በአንዱ ሌሊት» ብቻ የሚል ክስ ከደረሳችሁ፣ መቃወሚያው በቁጥር 130 መሠረት የእምነት ክህደት ቃል ከመስጠት በፊት ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ማንሳት ከባድ ነው።

ሐሳቡ ደግሞ በአንቀጽ 58 ይታያል። ለኳሹ ቤቱ እንዲቃጠል ባይፈልግም፣ ሰው እንደተኛበት እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ከለኮሰ ሕጉ ያንንም እንደ ሐሳብ ይቆጥረዋል። ጎረቤት ምንጣሮ ሲያቃጥል ነፋስ ወስዶበት ክምር ከነደደ ግን ነገሩ የቸልተኝነት ነው፣ አንቀጽ 59 ነው የሚመጣው። ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲናገር ብቻ ነው። ለቃጠሎም የቸልተኝነት ድንጋጌ አለ፣ ቅጣቱ ግን ሆን ተብሎ ከተፈጸመው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያ «አዎ፣ እሳቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ» ማለትና «አዎ፣ ላቃጥል ብዬ ለኮስሁ» ማለት በሕግ ፊት በጣም ይራራቃሉ። ቃል የሚቀበለው ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲጽፍ የብዙ ሰው ዕድሜ ይበላሻል። ከመፈረም በፊት የተጻፈው ቃል በቃል ይነበብላችሁ።

በእሳቱ ሰው ከሞተ ወይም ከቆሰለ ክሱ በአንቀጽ 494 ብቻ አይቆምም። እንደ ሐሳቡ ሁኔታ በአንቀጽ 539 ወይም 540፣ በቸልተኝነት ከሆነ በ543 የግድያ ክስ ይከተላል። ጉዳቱ አካል ላይ ብቻ ከሆነ 555 እና 556 አሉ።

ዋስትናን በተመለከተ፦ የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ይላል። ፖሊስ የምርመራ ጊዜ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም (ቁጥር 59)። ስለ ዋስ ቁጥር 63 የሚያየው ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ መሆኑንና የተጎዳው ሰው የመሞት ዕድል መኖሩን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ «በየትኛው ንዑስ አንቀጽ ነው የተያዘው?» የሚለው ነው። ቁጥር 67 ደግሞ ይጠፋል፣ ምስክር ያባብላል፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል የሚል በቂ ምክንያት ሲኖር ዋስ ይከለክላል። ፖሊስ «ምስክር ያስፈራራል» ሲል የትኛው ምስክር፣ በምን ምልክት ብሎ መጠየቅ መብት ነው። ዋስ ከተከለከለ ይግባኙ በ20 ቀን ውስጥ ነው።

የብርሸለቆ እማኝ

ዝክረ ሕግ የጻፉትን አከብራለሁ፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። እያንዳንዱ የተቃጠለ ክምር አንቀጽ 494 አይደለም። ክምሩ ብቻውን በታረሰ መሬት መካከል ቆሞ፣ ዙሪያው 200 ሜትር ያህል ቤትም ዛፍም ቃርሚያም በሌለበት ቢነድ፣ የጅምላ አደጋው የት አለ? ያ በአንቀጽ 689 የሌላ ሰው ንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ ነው፣ እሳቱ መሣሪያ ብቻ ነው።

ዝክረ ሕግ

ልክ ነዎት፣ አንቀጽ 494 ግን «በተንኮል» የሚል ቃልም አለው፣ የጅምላ አደጋ ሐሳብ ብቻውን መስፈርት አይደለም። በዚህ ላይ የሚሰጠው ትርጉም ከችሎት ችሎት ሲለያይ ይታያል። ተከላካይ ከሆኑ ግን የእርስዎን ክርክር በትክክል ማቅረብ ይገባል፦ የታረሰ መሬት፣ ርቀት፣ ነፋስ አልባ ሌሊት። ዐቃቤ ሕግም ይህን ሲያውቅ በቁጥር 113 መሠረት ሁለቱን አንቀጾች በአማራጭ ያቀርባል፤ ያን ሲያደርግ በሁለቱም ላይ መከላከያ መዘጋጀት አለበት። አንዱን ብቻ ተከላክሎ በሌላው መፈረድ ያለ ነገር ነው።

አመድና ፍም

እኔ በማስረጃው ላይ ልጻፍ፣ የቃጠሎ መዝገብ የሚሞተው እዚያ ላይ ነውና።

ዐቃቤ ሕግ ሁለት ነገር በተለያየ ማስረጃ ማሳየት አለበት። አንደኛው እሳቱ በሰው ሆን ተብሎ መነሳቱ ነው፣ ሁለተኛው ያ ሰው ተከሳሹ መሆኑ። በእኛ አገር ሁለተኛውን ብቻ ይዘው የመጀመሪያውን ይዘሉታል። ቂም ሁለተኛውን ሊያግዝ ይችላል፣ የመጀመሪያውን ግን ፈጽሞ አይመልስም። ጎረቤትህ ቢጠላህም ክምርህ በሌላ ምክንያት ሊነድ ይችላል።

በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት እሳት ከምን ይነሳል? ማር የሚቆርጥ ሰው በጨለማ ችቦ ይዞ ቀፎ ያጨሳል፣ ፍሙ ይወድቃል። እረኞች እሸት ይጠብሳሉ፣ እሳቱን ሳያጠፉ ይሄዳሉ፤ ፍም ደግሞ በአመድ ሥር ተቀብሮ ሰዓታት ይቆያል፣ ማታ ነፋስ ሲነሳ ይነሳል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላልቶ ይነካካል። ምንጣሮ የሚያቃጥል ጎረቤት አለ። እርጥብ ድርቆሽ ደግሞ ራሱ ይሞቃል። እርጥበቱ 20 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ሆኖ የተከመረ ድርቆሽ ውስጡ በተህዋስያን ይሞቃል፤ መሐሉ 70 ዲግሪ ሲደርስ አደጋ ነው፣ ከተከመረ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፦ ከክምሩ እንፋሎት ይወጣል፣ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታ ይሸታል፣ ሲከፈት መሐሉ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ዳሩ ደህና ነው። ከውጭ የተለኮሰ ክምር ግን መጀመሪያ ዳሩ ይነዳል። በደንብ የደረቀ የጤፍ ክምር በዚህ ዓይነት ራሱን ማቃጠሉ እምብዛም ነው፤ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ከመታው በኋላ የተከመረ ከሆነ ግን ጥያቄው መነሳት አለበት። እነዚህን ሁሉ መርማሪው በጽሑፍ አንድ በአንድ ማግለል ይገባዋል። ካላገለለ ፍርድ ቤት ፊት መጠየቅ ያለበት «ማር ቆራጭ በዚያ ሌሊት በአካባቢው ነበር ወይ? ጠይቀሃል ወይ?» ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። ክምር ሲነድ ሰው ሁሉ ሊያጠፋ ይሮጣል፣ ያ ደግሞ ትክክል ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግን ሰው ከአካባቢው መራቅ አለበት። በእሾህ ወይም በገመድ ዙሪያውን ዝጉት። የተረፈውን እህል ለማውጣት አመዱን መበርበር፣ ከብት ማስገባት፣ ውኃ ደጋግሞ መድፋት የማስረጃውን ነገር ይጨርሰዋል። ከመነካቱ በፊት በስልክ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ አንዱን ራቅ ብላችሁ ቤቱንና ክምሩን አንድ ላይ የሚያሳይ አድርጉ። ስልኩ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ፎቶውን በመላላክ ጥራቱን አታጥፉ፣ ዋናውን ስልኩ ላይ ተዉት። የቀበሌ ሚሊሻና ጎረቤት ባሉበት የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ስም፣ ሲደርሱ እሳቱ በየትኛው ወገን እንደነበር መዝግቡ። ይህ የመጨረሻው ወርቅ ነው፦ መጀመሪያ የደረሰው ሰው «እሳቱ በምሥራቅ በኩል ከታች ነበር» ካለ መነሻው ይታወቃል፣ ሁሉም ነዶ ካለቀ በኋላ ግን ማንም ሊያውቀው አይችልም።

ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ተረጭቷል የሚል ጥርጣሬ ካለ፣ ናሙና የሚወሰደው ከአመዱ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ካለው አፈር ነው። ፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ያለው ይነዳል። መነሻ ነው ከተባለው ቦታ ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር በንጹሕ ማንኪያ አውጥቶ በንጹሕ የቆርቆሮ ጣሳ ወይም በክዳን በሚዘጋ የብርጭቆ ዕቃ ማስገባት፣ ዕቃውን ሙሉ ሳይሆን ግማሹን ብቻ መሙላት። ፌስታል አይሆንም፣ ጋዙ በላስቲኩ ውስጥ ያልፋል፣ ላብራቶሪ ሲደርስ ባዶ ነው። አሥር ሜትር ያህል ርቆ ካልተቃጠለ መሬት ሌላ ናሙና በሌላ ዕቃ ይወሰዳል፣ ለማነጻጸር። ያ ካልተወሰደ የተገኘው ጋዝ ከቃጠሎው በፊትም አፈሩ ውስጥ ነበር የሚለውን መመለስ አይቻልም። ቤንዚን በፍጥነት ይተናል፣ ስለዚህ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ምርመራው የሚደረገው በፎረንሲክ ላብራቶሪ በጋዝ ክሮማቶግራፊ (በናሙናው ውስጥ ያሉትን ኬሚካሎች ለይቶ በሚያሳይ ምርመራ) ነው። በአፍንጫ «ጋዝ ሸተተኝ» ማለት ጥርጣሬን ይጠቁማል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ቤት ሲቃጠል ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ስለተሰነጣጠቀ ቤንዚን ነው» የሚል ድምዳሜ ተፈትኖ የወደቀ ነው። የጋለ መስታወት ውኃ ሲደፋበት እንዲሁ ይሰነጣጠቃል። «ወለሉ ላይ የተረጨ ምልክት አለ» የሚለውም ክፍሉ በሙሉ ሲቀጣጠል ያለ ምንም ፈሳሽ ይመጣል። በአሜሪካ ቴክሳስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሦስት ሕፃናት በሞቱበት የቤት ቃጠሎ አባታቸው ካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም በዚህ ዓይነት ምልክት ተፈርዶበት በ2004 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣቱ ተፈጽሞበታል። በኋላ መዝገቡን ያዩት የእሳት ሳይንስ ባለሙያዎች በዚያ ማስረጃ እሳቱ ተለኩሷል ማለት እንደማይቻል ተናግረዋል። እኛ ጋር የባለሙያ ማስረጃ በሌለበት ቦታ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

የሌሊት ምስክር ደግሞ በዝርዝር ይጠየቃል። ጨረቃ በስንት ነበረች? ምስክሩ ከሚሮጠው ሰው ስንት ሜትር ይርቅ ነበር? ፊቱን አየ ወይስ ጀርባውን? ስንት ሰከንድ አየ? ጋቢ ነበር ወይስ ኮት? ለፖሊስ በመጀመሪያው ቀን ስሙን ጠርቷል ወይስ ከሦስት ቀን በኋላ ወሬው ሲነግሥ? የሚሮጠው ሰው ወደ እሳቱ ይሮጥ ነበር ወይስ ከእሳቱ ይሸሽ ነበር? እሳት ሲነሳ ሰው ሁሉ ይሮጣልና።

የሉማሜ ልጅ

አመሰግናለሁ፣ ይህ በጣም ብዙ ነው። ስለ ዛቻው ግን አልተመለሰልኝም። ደግሞ እረኛ ልጅ ቢሆንስ ያነሳው?

ዝክረ ሕግ

ዛቻው ሁለት መልክ አለው። አንደኛ፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል፣ አንቀጽ 580። ሁለተኛ፣ ለቃጠሎው ክስ የአካባቢ ማስረጃ (ድርጊቱን በቀጥታ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ሁኔታ የሚያመለክት) ነው፣ ብቻውን ግን አይቆምም። «አትበላትም» የሚል ቃል በንዴት ገበያ ላይ ሲወጣና በተወሰነ ሌሊት ክብሪት ይዞ መሄድ መካከል ያለው ርቀት በሌላ ማስረጃ መሞላት አለበት። በአንጻሩ ተከሳሹ በዚያ ሌሊት የት እንደነበር በግልጽ ማሳየት ከቻለ፣ ለምሳሌ ለቅሶ ቤት ያደረ ከሆነ፣ የምስክሮቹን ስም ለፖሊስ ወዲያውኑ ይንገር። ከዓመት በኋላ በመከላከያ ጊዜ የሚወጣ «ሌላ ቦታ ነበርሁ» ዳኛ አያምንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ በአውጫጭኝና በአፈርሳታ ሀገሩ ተሰብስቦ አጥፊውን ያወጣ ነበር። ዛሬም «ሀገሩ የሚለው እሱን ነው» የሚል ቃል መዝገብ ላይ ይገባል። ያ ለፖሊስ አቅጣጫ ይሰጣል፣ በራሱ ግን ያየ ሰው ቃል አይደለም፤ ተከሳሹም ሀገሩን መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቀው አይችልም። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ የቀረበው ማስረጃ ይህ ብቻ ከሆነ፣ በቁጥር 141 መሠረት ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ እንዲለቀቅ መጠየቅ ይቻላል። በግዳጅ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ ይላል። ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠ ቃል በቁጥር 27፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ የተሰጠ ደግሞ በቁጥር 35 ይገዛል፤ ሁለቱ አንድ ክብደት የላቸውም። እያወቀ ንጹሕ ሰው የሚከስስም በአንቀጽ 447 ይጠየቃል።

እረኛው ከ9 ዓመት በታች ከሆነ የወንጀል ሕግ አይመለከተውም (አንቀጽ 52)። ከ9 እስከ 15 ከሆነ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ለወጣት አጥፊዎች የተለየ እርምጃ አለ። ዕድሜው ሲያከራክር የክርስትና ምስክር ወይም የጤና ጣቢያ ካርድ አስቀድማችሁ ያዙ። ኪሳራውን ግን በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2124 መሠረት አባቱ ሊጠየቅ ይችላል።

የብርሸለቆ እማኝ

ስለ እርቅ ደግሞ እኔ ልመልስ። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ገብቶ የሚያስታርቅ ነገር ብዙ ነው፣ ማስታረቁም ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ቃጠሎ በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀርብ ወንጀል አይደለም። ተበዳዩ «ይቅር ብዬዋለሁ» ቢልም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ሊቀጥል ይችላል። ሁለቱ ወገኖች ከታረቁ በኋላ ምስክሮች ፍርድ ቤት ቀርበው «አላየንም» ሲሉ ደግሞ በሐሰት ምስክርነት ራሳቸው ይከሰሳሉ። ሽማግሌዎች ይህን ቀድመው መንገር አለባቸው፣ ምስክር ቃሉን እንዲለውጥ መምከር ከእርቅ ወሰን ይወጣል።

እርቁ የሚጠቅመው ቅጣት ላይ ነው። አንቀጽ 82 ጥፋቱን አምኖ በእውነት የተጸጸተ፣ እጁን የሰጠ፣ ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን የካሰ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይላል። ስለዚህ የእርቁ ሰነድ ሲጻፍ «ታርቀናል» ብቻ አይበቃም። ምን ያህል ኩንታል ጤፍ ወይም ምን ያህል ብር በየትኛው ቀን እንደተሰጠ፣ የቀረው በስንት ጊዜ እንደሚከፈል፣ የሽማግሌዎቹና የሁለቱ ወገኖች ፊርማ መኖር አለበት። ገና ያልተፈረደበትና የካደ ተከሳሽ ካሳ ከፍሎ ሲፈርም ግን ሰነዱ ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጥሮ ሊቀርብበት እንደሚችል አስቡ። ጠበቃ ሳያይ አይፈረም።

ኪሳራውን በፍርድ ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። በወንጀሉ መዝገብ ላይ በአንቀጽ 101 እና በሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 154 መሠረት ካሳ መጠየቅ ይቻላል፤ ሂሳቡ የተወሳሰበ ሲሆን ግን ፍርድ ቤቱ ለፍትሐ ብሔር ክስ ሊመራው ይችላል። ሁለተኛው የተለየ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ጊዜው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ሁለት ዓመት ነው፤ ጉዳቱ የመጣው ከዚህ የረዘመ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ካለው ወንጀል ከሆነ ግን የወንጀሉ ይርጋ ይሠራል። ተከሳሹ በወንጀል ነፃ ቢባልም የፍትሐ ብሔር ዳኛ በዚያ አይታሰርም፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 ነው።

ዋጋውን ማስላት ላይ ሰው ይሳሳታል። «20 ኩንታል ነበር» ብሎ መጥራት አይሠራም። በምሳሌው ሦስት ቃዳ ወደ 0.75 ሄክታር ነው። የዚያ ዓመት የአካባቢው የጤፍ ምርት በሄክታር ስንት እንደነበር ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይጠየቃል። ለምሳሌ 16 ኩንታል ከሆነ የጠፋው 12 ኩንታል ነው። የገበያ ዋጋ ደግሞ የቃጠሎው ሳምንት የሉማሜ ወይም የደብረ ማርቆስ ዋጋ ነው፣ የክረምቱ አይደለም። ገለባውን አትርሱ፣ ከብት የሚያልፍበት ነው፤ ነዶ ሲቆጠር የነበረ ሰው ካለ ይምጣ። የአጨዳው ወጪ ወጥቷል፣ የውድማው ግን ገና ስላልወጣ ይቀነሳል፣ ያ ካልተቀነሰ ተከራካሪው ያነሳዋል።

አመድና ፍም

አንድ ጥያቄ ከሌላ ቦታ ደርሶኛል፣ እዚሁ ልመልስ፦ ሰውየው ክምሩ ሥር ክብሪት ለኩሶ፣ ሳር ይዞ ሳይነድ ውሻ ጮሆበት ቢሸሽስ?

ሙከራ ነው፣ አንቀጽ 27። መለኮስ ጀምሯልና ዝግጅት ብቻ አይደለም። ጋዝ በጠርሙስ ይዞ መንገድ ላይ ቢያዝ ግን በአንቀጽ 26 መሠረት ዝግጅት ነው፣ በመርህ ደረጃ አያስቀጣም። የላከው ሰው ካለ አንቀጽ 36፣ ጠብቆ የቆመለት ካለ አንቀጽ 37። ለሙከራ ማስረጃው የከሸፈው ክብሪት ነው፣ ስለዚህ ያንን እንጨት በእጃችሁ አትንኩት፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ለፖሊስ ስጡ። የት እንደወደቀ ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

ዝክረ ሕግ

ለመጨረሻ ጊዜ የቀን ነገር፣ ሰው የሚወድቅበት ስለሆነ። ፍርድ ከተነበበ በኋላ ይግባኝ የሚል ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅና የፍርዱን ግልባጭ መጠየቅ አለበት። ግልባጩ ከደረሰው በኋላ የይግባኙን ማመልከቻ በ30 ቀን ያስገባል። ግልባጩ የተሰጠበት ቀን በመዝገብ ቤቱ ማኅተም ላይ መታየቱን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ፣ ቀን ያልተጻፈበት ከሆነ ሳትወጡ አስጽፉት።

የሉማሜ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም። ሜትሩንና የአፈሩን ናሙና ነገር ለቀበሌው ሚሊሻ ዛሬውኑ አስረዳለሁ፣ አጨዳው ገና አላለቀም።